ዓሣ የሸተተው ኮት

እህቴ ወይንሸት ሳሎኑ መሐል ቆማ የባሏን ኮት ስታሸት ደረስኩ። ገና አልነጋም፤ እኔ ከሰርቪስ ቤቴ የወጣሁት ሻይ ካለ ብዬ ነው። ኮቱን ገልብጣ ብብቱን አሸተተች፣ ኪሱን አሸተተች፣ እጅጌውን ደግማ አሸተተች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችው። አሸተትኩ። ዓሣ ነው። ሽቶ ቢሆን በስንት ጣዕሙ! ሽቶ ሸትቶ የገባ ባል ምን እንደሚባል የሳሊተ ምሕረት ሴቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ምን እንደሚደረግም ያውቁታል። ዓሣ የሸተተን ባል ግን ማን ምን ይለዋል? በዚያ ቤት ዓሣ ተጠብሶ አያውቅም፣ ወይንሸት እሾሁን ትፈራለች። ባሏ ጋሼ ጸጋአብ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የመምሪያ ኃላፊ ነበሩና እንኳን ዓሣ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት አንጠልጥለው በዚያ በር ገብተው አያውቁም። እሳቸው በዚያን ሰዓት መታጠቢያ ቤት ነበሩ። ውሃው ሲወርድ ይሰማል፣ እሳቸው ሲያፏጩም ይሰማል። ስድሳን ያለፈ ሰው ጎህ ሳይቀድ፣ በጥቅምት ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠበ የሚያፏጨው ምን አግኝቶ ነው?

«ወፍ ለማየት ነው የምሄደው ይለኛል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የምን ወፍ?»

«እኔ ምን አውቄ! ከሩቅ አገር ተነስቶ ወደ የካ አባዶ የመጣ፣ እዚህ ታይቶ የማያውቅ ወፍ ነው አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ይኸው ነው። ትናንት ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ነይ አብረን እንሂድ!›»

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም?»

«እንደማልሄድ አውቆ ነዋ! ይህን ያህል ነው የናቀኝ።»

እህቴ ገርጂ የመጋረጃ ሱቅ አላት፤ ደንበኛ «ዞሬ እመጣለሁ» ሲላት እንደማይመጣ ስታውቅ ነው የኖረችው። «ነይ» ማለት «አትምጪ» ማለት ነው ብላ ከወሰነች ወሰነች። ከበሩ ኋላ ቡናማው ሻንጣ ቆሟል። ቁልቢ ሲወርዱ የሚይዙት ሻንጣ ነው፤ ዛሬ ግን የእሳቸው ልብስ ብቻ ነው ያለበት፤ ያውም ተተኩሶ፣ አንገት ለአንገት ታጥፎ። ልታባርረው ያለችውን ሰው ሸሚዝ የምትተኩስ ሴት እሷን ብቻ ነው ያየሁት። ሽማግሌዎችም ተጠርተዋል፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ። የጎደለው ምስክር ነው፤ ምስክሩም እኔ ሆንኩ።

«ተከተለው» አለችኝ። «ሴት ካለች ቤቷን አይተህ ና፤ ሻንጣው ዛሬውኑ ይወጣል። ምንም የለም ብለህ ከመጣህ ግን ገዝቶሃል ማለት ነው፤ ያንተም ፍራሽ አብሮ ይወጣል።»

ቸግሯት ነው እንጂ እኔ ለምስክርነት የምመረጥ ሰው አይደለሁም። ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት በበሩ ሳይሆን በአጥሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የሚያውቀኝ በወሬዬ ነው። አንድ ጊዜ፣ ጅብ ከአያት ታክሲ ተሳፍሮ መገናኛ ሲደርስ መልስ አነሰኝ ብሎ ከረዳቱ ጋር ተናነቀ ብዬ አወራሁ። ከሰሙኝ ግማሾቹ ጅቡ የት እንደተቀመጠ አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ ስንት እንዳስከፈሉት ነው። ታሪፍ የተጨመረ ሰሞን ነበር።

ጋሼ ጸጋአብ ያንኑ ኮት ለብሰው፣ የጎማ ቦቲ ተጫምተው ወጡ። ወይንሸት «ደህና ዋል» አለቻቸው፤ እሳቸውም «ደህና ዋይ» አሉ፤ በሁለቱ «ደህና» መሐል መኪና ያሳልፍ ነበር። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ከኋላ ከኋላ። ሲኤምሲ ታክሲ ያዙ፣ እኔም ከአንዲት ባለ ትልቅ ፌስታል ሴት ኋላ ተሸጎጥኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ቦቲው ነው። ሰው ቦቲ አድርጎ ውሽማ ጋ ይሄዳል? መጀመሪያ አይሄድም አልኩ። ቆይቼ ደግሞ እንዲያውም ጎበዝ ናቸው፣ ቦቲ ያደረገን ሽማግሌ ማን ይጠረጥራል አልኩ። አያት ስንደርስ ወርደው፣ ከባቱ የመጣ ዓሣ በበረዶ ሣጥን አድርጎ ከሚሸጥ ሰው ፊት ቆሙ። ቲማቲም ተወደደ ብለው እራት ላይ ሌላ ወሬ የማያስወሩን ሰው ዋጋ ሳይከራከሩ ከፈሉ። «ቅርፊቱን አትፋቀው፣ ሆዱን አትክፈተው፣ ከነራሱ ስጠኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ከነራሱ! እንግዲህ ዓሣ ከነራሱ የምትቀበል ሴት የሐይቅ ዳር ልጅ ናት። የሐዋሳ መሆን አለባት ብዬ ወሰንኩ። የየካ አባዶው ታክሲ እስኪሞላ ድረስ ቁመቷንም፣ የጥርሷን ፍንጭትም ሠራሁላት። ግማሽ መንገድ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። የመጨረሻው ፌርማታ ስንደርስ ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ገብቶ ነበር፤ ስሙን ብቻ ነበር ያላወጣሁለት።

የካ አባዶን ለማያውቅ፣ ብሎክ ከብሎክ ኋላ፣ ከዚያ ኋላ ብሎክ ነው። ጋሼ ጸጋአብ ዓሣቸውን አንጠልጥለው በየደረጃው አፍ ሲያልፉ፣ እኔ «ይኼኛው ነው» እላለሁ፤ ያልፉታል። ልብስ የምታሰጣ ሴት ቀና ስትል «እሷ ናት» እላለሁ፤ ያልፏታል። አንዷ እንዲያውም «እንደምን አደሩ፣ ዛሬም መጡ?» አለቻቸው። ዛሬም! ቃሏን ለዘጠኝ ሰዓት በቃሌ ያዝኩት። የመጨረሻውን ብሎክ አልፈው የገበሬ ማሳ የነበረው ሜዳ ላይ ሲወጡ ግን ነገሩ ጠፋብኝ። ከሜዳው ማዶ በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች አሉ። ከቤቶቹ ሥር ለኮንዶሚኒየሙ ድንጋይ ሲወጣበት የነበረ ካባ አለ፤ ድንጋዩ አልቆ ጉድጓዱ ቀርቷል፣ ክረምቱ ሞልቶት እንደ ሐይቅ ተኝቷል፣ ዳር ዳሩን ፊላ በቅሎበታል። አፋፉ ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ቆማለች። ጂንስ ለብሳለች፣ ፀጉሯ አጭር ነው፣ አጠገቧ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተተክሏል። ጋሼን ስታይ እጇን አውለበለበች። ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳችላቸው። እሳቸውም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። እኔ እዚያ ቤት ስኖር ጥርሳቸውን ያየሁት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስሸኛቸው ብቻ ነው።

አገኘሁ! ስልኬን አውጥቼ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ኋላ ተጠጋሁ። ወዲያው የጋቢዬን ጫፍ ሰው ያዘኝ።

«አንተስ ከየት ነህ? ከመሬት አስተዳደር ነህ?»

ዘርፌ ትባላለች፤ ስሟን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን አጥርና ከውስጡ ያለውን ቤት በአንድ ሌሊት ያቆመች፣ ሕጋዊ ወረቀት የሌላት፣ ሜትር የያዘ ሰው ባየች ቁጥር ቤቷን ሊያፈርስ የመጣ የሚመስላት ሴት ናት። በሌላ እጇ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ይዛለች።

«ከየትም አይደለሁ፣ እታለም።»

«አትዋሸኝ! እነዚያ ባለ ሦስት እግሯን ተክለው ሲለኩን ሰነበቱ። ዛሬ ደግሞ አንተን ጨመሩ። ልታፈርሱን ነው፣ አይደል?»

«ኧረ ወፍ ነው የሚያዩት አሉ።»

ዘርፌ ሳቀች፤ ድንጋዩን ግን አልጣለችም። «ወፍ! ስማኝ ወንድሜ፣ ወፍ ለማየት ብሎ ከቦሌ እዚህ ድረስ የሚመጣ ሰው የለም። እዚህ ቤት የደረሳቸው እንኳ በታክሲው ሰልፍ ተማርረው አከራይተው ሄደዋል። እኛም ተመካክረናል፤ ዛሬ ሳይነሱ ከቀሩ ድንጋዩ አለ።»

ከአጥሩ ጥግ እንደ ድንች የተከመረ ድንጋይ አየሁ። ጋሼ ጸጋአብ ጥፋታቸው ምንም ይሁን፣ ጭንቅላታቸውን ይዤ መመለስ አለብኝ። «በይ እውነቱን ልንገርሽ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤ «ለማንም እንዳታወሪ። የወባ ትንኝ ነው የሚቆጥሩት። በቂ ትንኝ ካገኙ ለየቤቱ አጎበር በነፃ ይታደላል።»

ፊቷ ፍትት አለ። «እንዲያ በለኛ! ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ? እኔ ቤት ሁለት አልጋ ነው ያለው፣ ሂድ አስመዝግብልኝ» ብላ በጀርባዬ ገፋችኝ። ተገፍቼ ካባው አፋፍ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ መደበቅ የለም።

ጋሼ ጸጋአብ ዞር እንኳ አላሉም። «ላከችህ?» አሉኝ።

«ላከችኝ፣ ጋሼ።»

«እኔ የእሷን መምጣት ነበር የፈለግኩት» አሉና ከመሣሪያው ፊት ተነሡልኝ፤ ለካ የሩቅ ማያ መነጽር ነው። «ና፣ ዓይንህን እዚህ አድርግ።»

እንግዲህ እኔ ያላየሁትን አይቻለሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያች ቀዳዳ ያየሁትን ግን ልፍጠር ብል አልፈጥረውም። ፊላው መሐል፣ ውሃው ጉልበቱን አልፎት፣ አንድ ወፍ ቆሟል። ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል። መልኩ ዝናብ ያዘለ ደመና ነው። ምንቃሩ ጫማ ነው፤ ጫማ ይመስላል አላልኩም፣ አንድ እግር የወታደር ጫማ ፊቱ ላይ ተሰፍቷል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ቆልማማ ሚስማር አለው። ማጅራቱ ላይ ካልተበጠረ ሽማግሌ ራስ እንደሚቀር ያለ ፀጉር ቆሞለታል። አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ብቻ አለ፤ እኔን እንደ ባለዕዳ ያየኛል። ልጅቷ ሳምራዊት ትባላለች፤ ቱሪስት የምታስጎበኝ፣ ወፍ የምትወድ ልጅ ናት፤ ከጋሼም ጋር የተዋወቁት እዚያው አፋፍ ላይ ነው።

«ሹቢል ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ባለ ጫማ ምንቃር ማለት ነው» አለችኝ። «ጋምቤላ ረግረጉ ውስጥ እንኳ በስንት ፍለጋ ነው የሚገኘው። እዚህ ምን እንደሚሠራ ጎድ ኖውስ። ፎቶውን ለጓደኞቼ ብልክላቸው በኤአይ የተሠራ ነው አሉኝ፤ ካን ዩ ኢማጂን?»

ጋሼ በወጣትነታቸው ጋምቤላ ተመድበው ሲሠሩ ይህን ወፍ ፍለጋ በታንኳ ስንት ረግረግ አቋርጠው ሳያዩት ተመልሰዋል። ባለፈው ሳምንት ፀጉር አስተካካያቸው፣ እሱ የካ አባዶ ነው የሚኖረው፣ «ሽማግሌ የሚመስል ወፍ መጥቶ ሕፃናቱን አስፈራብን» ብሎ እየሳቀ ሲያወራ፣ ግማሽ ፀጉራቸውን ብቻ ተላጭተው ተነሡ። ያን ቀን ወይንሸት ፀጉራቸውን አይታ ምን እንደጠረጠረች አልነግራችሁም። ዓሣውም ለወፉ ነበር። ይራበዋል ብለው ነው። ይወረውሩለታል፣ ወፉ የሞተ አይበላም መሰለኝ፣ ዞር ብሎ አያየውም፤ እሳቸው በማግሥቱ ሌላ ገዝተው ይመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጠብቃሉ። ይህ ወፍ የለመደውን ሰው ሲያይ አንገቱን ደፍቶ እጅ ይነሳል ብላ ሳምራዊት ነግራቸዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ቆመው ጠብቀዋል፣ እጅ አልነሳቸውም።

እሳቸው ዓሣውን ከፌስታሉ ሊያወጡ ጎንበስ ሲሉ፣ ሳምራዊትም ፔርሙዙን ስትከድን፣ እኔ በቀዳዳዋ እያየሁ ነበር። ወፉ ጫማውን ቀስ አድርጎ ውሃው ድረስ ዝቅ አደረገ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፣ ቀና አለ። ከዚያ ምንቃሩን አንኳኳ፤ ከሩቅ የቆርቆሮ በር በዱላ የሚመታ ይመስላል።

«ምንድነው? እጅ ነሳ እንዴ?» አሉ ጋሼ ቀና ብለው።

«ኧረ አልነሳም ጋሼ። አዛጋ መሰለኝ» አልኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የእህቴ ሳሎን ሦስት ድርብ መጋረጃ አለው፣ በጠራራ ፀሐይም ይጨልማል። ጋሽ ሀይደር ከሶፋው መሐል ነበሩ። ሲሚንቶና ብረት ነጋዴ ናቸው፤ በእኛ ሰፈር ክርስቲያንም ይጣላ እስላም ያለ እሳቸው አይታረቅም። አጠገባቸው አቶ አረጋዊ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ወይንሸት የሚቀመስ ነገር አላቀረበችም፤ ለስላሳ ብቻ፣ እሱም ሳይከፈት። ጋሼ ጸጋአብ በራሳቸው ቤት የእንግዳ ወንበር ላይ ነበሩ። ሻንጣው ከበሩ ኋላ አፍንጫውን ብቅ አድርጓል።

«ቢተው» አሉኝ ጋሽ ሀይደር ስሜን ጠርተው፤ «አላህም እግዜርም አሉ። ጅቡንም ታክሲውንም ተወውና ያየኸውን ብቻ ተናገር።»

እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም። ካባውን፣ ፊላውን፣ ቁመቱን፣ ጫማውን፣ የቆመውን ፀጉር፣ ዓሣውን። አንድ ሳልጨምር። ስናገር የአቶ አረጋዊ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጫማው ጋ ስደርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«የስንት ቁጥር ጫማ ነው?» አሉኝ።

«አርባ አራት ይሆናል፣ አባባ።»

ስልኬን አውጥቼ ያነሳሁትን ሰጠኋቸው። የእኔ ስልክ ሩቅ አያይም፤ ፊላው መሐል የቆመ ግራጫ ነገር ነው የሚታየው። ጋሽ ሀይደር መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት። «ይሄ የሲሚንቶ ከረጢት ነው» አሉ። በሲሚንቶ ደግሞ ማን ይከራከራቸዋል? «እሺ፤ ከአንተ ሌላ ያየ ሰው አለ?»

ጋሼ ጸጋአብ ያን ጊዜ ዓይናቸውን አነሡ። እኔም ገባኝ፣ ግን አፌ ቀድሞኝ ነበር። «አለች። ሳምራዊት የምትባል ልጅ። እሷ ጥሩ ካሜራ...»

«ይኸው!» ወይንሸት ከመቀመጫዋ ተነሣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ስሟም ተገኘ። ወንድሜንም ገዝቶብኛል።» ወደ በሩ ሄዳ የሻንጣውን እጀታ ያዘች። ጋሼ «ነይ እንሂድ ብዬሽ ነበር» አሉ በቀስታ፤ ማንም አልሰማቸውም። እህቴ መጋረጃ ሸጣ፣ ብቻዋን በር ዘግታ የምታለቅስበትን ዕድሜ በሐሳቤ አየሁት። እሳቸውንም አየሁ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ይዘው፣ ሆቴል አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው። የራሴን ፍራሽም አልረሳሁም።

«ቆይ» አልኩ። «እውነቱን ልናገር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እዚህ አገር ይህን ቃል ያለ ሰው ይደመጣል።

«ወፍ የለም። ጋሼ ሥራ ይዘዋል። የካ አባዶ አንድ የግንባታ ቦታ ጥበቃ ናቸው፣ የጠዋት ተረኛ። ጡረታው አልበቃ ብሏቸው። የመምሪያ ኃላፊ የነበረ ሰው ዘበኛ ሆነ እንዳይባል ነው የደበቁት። ሳምራዊት ፈረቃ የምታስፈርመው ልጅ ናት።»

አቶ አረጋዊ መሳቃቸውን አቆሙ። ጋሽ ሀይደር «ያ ረቢ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ፣ እውነት እንዲህ ናት፤ ራሷን ታስታውቃለች። ኑሮው እኮ የማያስደርገው የለም። አቶ ጸጋአብ፣ ልጁ ያለው ልክ ነው?»

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ ለዚህ ነው ማንም የማያምናቸው። ፊታቸው ቀስ ብሎ ቀላ። ሻንጣውን አዩ፣ የሚስታቸውን እጅ አዩ።

«ቢተው ያየውን ተናግሯል» አሉ።

ወይንሸት እጀታውን ለቀቀች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ለስላሳው ተከፈተ፣ አቶ አረጋዊ ሥራ ክቡር ስለመሆኑ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ጋሽ ሀይደርም ሲሄዱ የጋሼን ትከሻ መታ አድርገው «እኔ መጋዘን የተሻለ የጥበቃ ሥራ አለ» አሏቸው። ጋሼ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ቆመው፣ ከአጥሩ በላይ፣ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ቆዩ። እኔ በልቤ ዛሬ ፍራሼ ላይ እተኛለሁ እያልኩ ነበር። ወይንሸት ከወጥ ቤት ጠራችኝ። በሩን ዘጋች። ኮቱ እጇ ላይ ነው።

«ዘበኛ ይሁን፣ እሺ» አለችኝ። «ዓሣውስ?»

አፌን ከፈትኩ። ጅብ በታክሲ ያሳፈረ አፍ፣ ትንኝ ያስቆጠረ አፍ ለአንድ ዓሣ ምክንያት አጣ። ዓይኔን ሰበርኩ።

«እውነት ምንቃሩ እንደ ጫማ ነው?» አለችኝ።

«እንደ ጫማ አይደለም፣ ወይኒ። ጫማ ነው።»

ኮቱን አንድ ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ ማጠቢያ ሳፋው ውስጥ ልትከተው አለችና ተወችው፣ በሩ ላይ ሰቀለችው። «ለነገ ከጎረቤት ቦቲ ለምንልኝ» አለች። «ቁጥሬ ሠላሳ ሰባት ነው። ለእሱ እንዳትነግረው።»

ሲነጋ ጋሼ ጸጋአብ ከመታጠቢያ ቤት ወጡ፤ ዛሬ አላፏጩም። በሩ ላይ ወይንሸት ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሰው ቦቲ ተጫምታ ቆማለች። እሳቸው ቀስ ብለው በሩን ከፍተው እንድትቀድም ዞር አሉላት፤ እሷም ወጣች። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ልዘጋ ስል፣ ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ አለመመለሱን አየሁ። እንዳለ ነው፣ ከበሩ ኋላ፣ ሸሚዞቹን ይዞ። ወፉ እስኪታይ ድረስ እዚያው ይቆማል።